የአንጓች እሺታ

ከጤና ጣቢያው አጥር ጀርባ፣ ከምሳ በኋላ፤ ለዓመታት የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች ተወካይ የነበሩት አሮጊቷ ደብሪቱ ደጃቸው ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ፤ በእሳቸው ቦታ የተመረጠችው አንጓች መራመድ የማይችለውን የአምስት ዓመት ልጇን በጋቢ አዝላ ፊታቸው ቆማለች።

ደብሪቱ፦ አልሄድም አልኩሽ። በአማርኛ ነው የነገርኩሽ፤ ሌላ ቋንቋ አላውቅም።

አንጓች፦ እማማ ደብሪቱ፣ ስብሰባው ስምንት ሰዓት ነው። አዳራሹ እኮ ይኸው ነው፣ ከአጥሩ ማዶ። ምርኩዝዎን ላቀብልዎ።

ደብሪቱ፦ ምርኩዜን ተይው። እግሬን አላመመኝም። ምኔንም አላመመኝም።

አንጓች፦ ታዲያ ካላመመዎት ምን ይይዝዎታል?

ደብሪቱ፦ ምንም የማያመውን ሰው ወዴት ትወስጂዋለሽ? ሬሳንም አያመውም።

አንጓች፦ ኧረ በስመአብ! ምን ይላሉ?

ደብሪቱ፦ ያለውን ነው የምለው። ዞር በይ፣ ፀሐዩን ጋርደሽብኛል። ምስሩ አልታይ አለኝ።

አንጓች፦ ምስሩ ምን አለው? ንጹሕ ነው እኮ። ለቅመው ጨርሰውታል።

ደብሪቱ፦ ትናንትም ለቅሜዋለሁ።

አንጓች፦ ታዲያ ለምን…

ደብሪቱ፦ እጅ ምን ይሥራ? ልጅ ሲያነሣ፣ ሲያገላብጥ፣ ሲያጎርስ የኖረ እጅ «አሁን ተቀመጥ» ቢሉት አይሰማ።

አንጓች፦ እኔም የመጣሁት በልጅ ነገር ነው። የልጄ የይታያል ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው። የልጆቹ ሰውነት ማፍታቻ ክፍል ዛሬ መሄዱ ነው፣ እማማ። ከወረዳ የመጡት ሰዎች ፊት ከጸደቀ አበቃ። ሰኞ አጎበር ያራግፉበታል።

ደብሪቱ፦ ምን ያራግፉበታል?

አንጓች፦ አጎበር። የወባ አጎበር። መጋዘን ሊያደርጉት ነው። ልጆቹ ተይዘው የሚቆሙበትን ብረት ይነቅሉታል፤ የምታፍታታቸውን ሲስተርም ወደ ክትባት ያዛውሯታል አሉ።

ደብሪቱ፦ ልጆቹስ?

አንጓች፦ ትልቁ ሆስፒታል ይሂዱ ተባለ። ዞኑ ከተማ።

ደብሪቱ፦ በምን? በደመና?

አንጓች፦ በሚኒባስ።

ደብሪቱ፦ አይ ሚኒባስ! የልጅ ልጄን ትሁኔን አዝዬ ሲያየኝ ረዳቱ «ሞልቷል» ይል ነበር። መኪናው ባዶውን፣ ወንበሩ እያዛጋ።

አንጓች፦ ይታያልን ሳዝልም እንደዚያው ነው የሚሉኝ።

ደብሪቱ፦ እሺ፣ አንቺ ምን አልሽ? ተወካይዋ አንቺ አይደለሽ?

አንጓች፦ እሱን ልነግርዎ ነው። ባለፈው ስብሰባ አቶ ቢያድግልኝ…

ደብሪቱ፦ ማነው ደግሞ?

አንጓች፦ አዲሱ የጤና ጣቢያው ኃላፊ።

ደብሪቱ፦ ቢያድግልኝ! የእናቱ ስእለት ሰመረ። አደገላት፤ አድጎ የልጅ ክፍል ይዘጋል።

አንጓች፦ ክፉ ሰው እኮ አይደለም። ሰው ያከብራል፤ እኔን «እህቴ» ነው የሚለኝ። ቁጭ አድርጎ አስረዳኝ። ቦታ ጠቧል፣ አጎበሩን ዝናብ እየመታው ነው አለኝ። ከዚያ «ወላጆችስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ደብሪቱ፦ አንቺስ?

አንጓች፦ እሺ።

ደብሪቱ፦ የምን እሺ ነው? ምን አዘዝኩሽ? ምን ብለሽ መለስሽለት ነው የምልሽ።

አንጓች፦ እሱን እኮ ነው የምነግርዎ። «እሺ» አልኩት።

ደብሪቱ፦ አንቺ ልጅ!

አንጓች፦ እሺ ማለቴ ሰማሁ ማለቴ ነው! ሰው ሲናገር «እሺ፣ እሺ» አይባልም እንዴ? አፌን ገጥሜ ልየው? ናቀችኝ አይልም? እሱ ግን ወደ ሰዎቹ ዞረና «ወላጆች ተስማምተዋል» አለ። ቤቱ አጨበጨበ።

ደብሪቱ፦ አንቺስ?

አንጓች፦ እኔም።

ደብሪቱ፦ እኔም ምን?

አንጓች፦ አጨበጨብኩ።

ደብሪቱ፦ ልጅ ታቅፈሽ በምንሽ አጨበጨብሽ?

አንጓች፦ በአንድ እጄ ጉልበቴን መታሁ።

ደብሪቱ፦ ጎሽ! በራስሽ ለቅሶ ላይ ደረት መምቻው ቢጠፋሽ ጉልበት መታሽ።

አንጓች፦ ይሳደቡ፣ ይገባኛል። ሌሊቱን ሁሉ ራሴን ስሰድብ ነው የማድረው።

ደብሪቱ፦ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አንጓች።

አንጓች፦ ስለዚህ ነዋ የመጣሁት። እርስዎ ሄደው ይመልሱልኝ። እርስዎ ሲናገሩ ይሰማሉ። በደረጃው ጎን ያለውን የልጆቹን መወጣጫ ያሠራው ማነው? ትሁንን ይዘው ደረጃው ላይ ቁጭ ብለው፣ ሐኪም አይገባ፣ ሐኪም አይወጣ፣ ያዋሏቸው እርስዎ አይደሉም?

ደብሪቱ፦ ያኔ ልጅ ነበረኝ።

አንጓች፦ አሁንም አለችዎ፣ እማማ። ነፍሷ…

ደብሪቱ፦ ነፍሷ መወጣጫ አያስፈልጋትም።

አንጓች፦ እግዜር ያጥናዎ።

ደብሪቱ፦ አጥንቶኛል። ከሚገባው በላይ አጥንቶኛል። አልጋው ሥር የቆመ ድንጋይ ይመስል ጸንቻለሁ።

አንጓች፦ ምሳ በልተዋል?

ደብሪቱ፦ አፌ አኝኳል።

አንጓች፦ ጎረቤቶች «ከቀብሩ ወዲህ አላለቀሱም» ይላሉ።

ደብሪቱ፦ እንባ ቁጠሪ ብለው ላኩሽ? ንገሪያቸው፤ ጨው እንደሌለው ወጥ ሆናለች በያቸው። አይጥምም፣ አይመርም፣ ይዋጣል።

አንጓች፦ እኔ ለወሬ የመጣሁ መሰልኩዎ?

ደብሪቱ፦ አይደለም። አፍ በውሰት ልትወስጂ ነው የመጣሽው። አፍ ደግሞ እንደ ወንፊት ከጎረቤት አይዋሱትም። መረጡሽ፤ ተናገሪበት።

አንጓች፦ መረጡኝ ይበሉ! የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነው። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ መሬት ሲያይ እኔ ቀና ብዬ ተገኘሁ። ይታያል ምራቁን እንዳያንጠባጥብ ስጠርግ።

ደብሪቱ፦ እኔንም እንደዚያ ነው የያዙኝ። ጠረጴዛ ላይ ውኃ አስቀመጡልኝ፣ ያውም የታሸገ። «አማካሪያችን» አሉኝ። አማካሪ ማለት ውኃ ጠጥቶ የሚሄድ ሰው መስሏቸው ነበር።

አንጓች፦ እርስዎ ግን አሳዩዋቸው።

ደብሪቱ፦ እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ ስለዚህ የጻፉት አያስፈራኝም። አንቺ ስምንተኛ ክፍል ደርሰሽ ወረቀት ያየሽ እንደሆነ ትንበረከኪያለሽ። በይ እስቲ «እምቢ» በዪ።

አንጓች፦ ለማን?

ደብሪቱ፦ ለእኔ።

አንጓች፦ ምን ብለውኝ?

ደብሪቱ፦ ምንም ሳልልሽ። ዝም ብለሽ አውጪው።

አንጓች፦ እሺ።

ደብሪቱ፦ እ?

አንጓች፦ እላለሁ ማለቴ ነው! «እሺ፣ እምቢ እላለሁ» ማለቴ ነው!

ደብሪቱ፦ አንቺስ አለቀልሽ።

አንጓች፦ ምን ላድርግ? ሲጠሩን አቤት፣ ሲልኩን ወዴት ብለን ነው ያደግነው። እናቴ «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ትለን ነበር፣ ሞታ እንኳ ጆሮዬ ላይ አለች።

ደብሪቱ፦ እሱን የተረተው ሎሌ የሚልክ ጌታ ነው። ተላኪውን ጠይቀውት ቢሆን ሌላ ይተርት ነበር። ነይ ወዲህ፣ ቁሚ እዚህ። እኔ ቢያድግልኝ ነኝ።

አንጓች፦ እርስዎ?

ደብሪቱ፦ ምን ጎደለኝ? ከረባት ነው? አስቢልኝ። «እህቴ አንጓች፣ እንደምታውቂው ቦታ ጠቦናል…»

አንጓች፦ እሺ…

ደብሪቱ፦ ገና ሳልጨርስ!

አንጓች፦ አመለጠኝ። ይድገሙት።

ደብሪቱ፦ «እህቴ አንጓች፣ ቦታ ጠቦናል፤ ክፍሉን ለአጎበር ብናደርገውስ?»

አንጓች፦ ጌታዬ… ባይሆን ጥሩ ነበር።

ደብሪቱ፦ እሱ የለቅሶ ቤት ቃል ነው። ባይሆን ጥሩ ነበር የሚባለው ከሆነ በኋላ ነው።

አንጓች፦ የሚቻል ከሆነ…

ደብሪቱ፦ የሚቻል ከሆነ ካልሽው «አልተቻለም» ይልሻል፤ አንቺም «እሺ» ትያለሽ፤ እሱም ያስጨበጭባል።

አንጓች፦ ታዲያ ምን ብዬ ልመልሰው? አንዴ እሺ ብዬ አሁን ብመለስ ውሸታም አይለኝም? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አይሉኝም?

ደብሪቱ፦ ጅቡ የት ሄደ? ዛሬ ስምንት ሰዓት አይደለም የሚመጣው? «እሺ ያልኩት ሰማሁ ለማለት ነው፤ ተስማማሁ አልወጣኝም» በያቸው። ማን ያልገባው አለ? ያ ሰውዬ ራሱ ሚስቱን «እሺ፣ በጊዜ እገባለሁ» ብሎ ስንት ቀን አምሽቷል? እሺ ምን እንደሆነ ያውቀዋል። አውቆ ነው የለቀመሽ።

አንጓች፦ አውቆ?

ደብሪቱ፦ ሀገሩ ሁሉ እሺ ብሎ የሚቀርበት ሀገር ነው። የአንቺዋ ብቻ ከመቼ ወዲህ ማኅተም ሆነች?

አንጓች፦ እንደሱ አላሰብኩትም።

ደብሪቱ፦ ምን ያስፈራሻል? ይመታሻል?

አንጓች፦ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር፤ ዱላ ለምጃለሁ። ይስቅልኛል። እንደ ወንድም ይስቅልኛል። እሱን ነው መመለስ ያቃተኝ።

ደብሪቱ፦ ሥጋ ሻጭም በሬውን ሲገዛ ያሻሸዋል።

አንጓች፦ እማማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ? ለሰው አልተናገርኩም፣ ዓይን እንዳይበላው ብዬ።

ደብሪቱ፦ ተናገሪ። የእኔ ዓይን የሚበላ ነገር የለውም።

አንጓች፦ ይታያል ቆመ።

ደብሪቱ፦ የት?

አንጓች፦ ማፍታቻው ክፍል። ብረቱን ይዞ። ሲስተር ወገቡን ለቀቅ አደረገችው፤ ይወድቃል ብዬ ጮህኩ፤ አልወደቀም። ጉልበቱ እንደ ቅጠል ይንቀጠቀጣል። ግን ቆመ! ለአባቱ ብነግረው «አልመሽ ነው» አለኝ።

ደብሪቱ፦ ትሁን አልቆመችም።

አንጓች፦ ውይ እማማ፣ ያን አስቤ አይደለም…

ደብሪቱ፦ ምን ትደነግጫለሽ? አልቆመችም፤ እውነት ነው። እናቷ፣ ልጄ፣ ወልዳት ስትሞት ለእኔ ጥላልኝ የሄደችው እጇ እንደ ቡጢ የተጨበጠ ልጅ ነበረች። እዚያ ክፍል አመላለስኳት፣ አመላለስኳት። ጣቶቿ ተፈቱ። ሌላ ምንም የለም። ከዚያ ወዲያ በመዳፏ ፊቴን ትነካኝ ነበር።

አንጓች፦ ያ ታዲያ ትንሽ ነው?

ደብሪቱ፦ ማን ትንሽ አለ? እኔ አልኩ? የለቅሶው ድንኳን ውስጥ የተቀመጡት ናቸው ትንሽ ያሉት። እየመጡ እጅ ነሡኝ። «ተገላገለች፤ አንቺም ተገላገልሽ» አሉኝ። ቄሱም፣ እድርተኛውም፣ እህቴም።

አንጓች፦ ምን አሏቸው?

ደብሪቱ፦ ምን ይባላል? «እግዜር ይስጥልኝ»።

አንጓች፦ እኔም ብዬዎት ይሆን? ከልቤ ጠፍቶ…

ደብሪቱ፦ አንቺ አላልሽም። አንቺ ጓሮ ሆነሽ ሳህን ታጥቢ ነበር። አይቼሻለሁ።

አንጓች፦ ምን እንደምልዎ ስላላወቅኩ ነው።

ደብሪቱ፦ ደግ አደረግሽ። ዝም አይነቅዝም። ለአንቺም ይመጣሉ፣ ታዲያ።

አንጓች፦ ማን?

ደብሪቱ፦ እነሱው። ክፍሉ አጎበር ይሞላል። ይታያል ቤት ይተኛል። ሰውነቱ እንደ ደረቀ ቆዳ ይኮማተራል፤ ደረቱ ይጠባል። አንድ ክረምት ጉንፋን ይይዘዋል። ከዚያ ያቺን ድንኳን አንቺ ደጅ ይተክሏታል፤ እድራችን አንድ አይደል? ገብተው እጅ ይነሡሻል። «አንጓች፣ ተገላገልሽ» ይሉሻል።

አንጓች፦ ይተዉኝ።

ደብሪቱ፦ ሰው ሲናገር «እሺ» ነው የሚባለው። ንቀት እንዳይሆንብሽ። በዪ፣ ከአሁኑ ልመጂው። «ተገላገልሽ፣ አንጓች።»

አንጓች፦ አልልም።

ደብሪቱ፦ «እግዜር ገላገለሽ፣ እህቴ።»

አንጓች፦ እምቢ! እምቢ አልኩ! ማንም ተገላገልሽ አይለኝም! ልጄ ቆሟል፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይቆማል! ምን ዓይነት ክፉ አሮጊት ነዎት እርስዎ!

ደብሪቱ፦ ይኸው።

አንጓች፦ ምን ይኸው?

ደብሪቱ፦ ወጣ። የምትፈልጊው እሱ አልነበረም?

አንጓች፦ እንዴት እንዲህ ይሉኛል? በልጄ!

ደብሪቱ፦ አታልቅሺ፣ ምስሩ ይርስብኛል። ያንኑ ይዘሽ ሂጂ። ሳይቀዘቅዝ።

አንጓች፦ እዚያ አይመጣልኝም።

ደብሪቱ፦ አሁን መጣልሽ አይደል?

አንጓች፦ እዚያ ሌላ ነው። እውነቱን ልንገርዎ? ያን ቀን እሺ ያልኩት ለክብሩ ብቻ አይደለም።

ደብሪቱ፦ ሌላ ደግሞ ምን አለ?

አንጓች፦ ይታያል ጭኔ ላይ ሽንቱን ለቀቀ። መጀመሪያ ሞቀኝ፤ ቆይቶ ቀዘቀዘኝ። ወንበሩ የእነሱ ነው፣ ጨርቅ የለበሰ፣ አዲስ። አጠገቤ የተቀመጠችዋ ሴትዮ አፍንጫዋን ነካች። ስብሰባው ቶሎ ይለቅ አልኩ። እሺ ካልኩ ያበቃል፣ ተነሥቼ እሄዳለሁ አልኩ። ይኸው ነው። በዚያ በእርጥቡ ቀሚሴ ነው የልጆቹን ክፍል የሰጠሁት።

ደብሪቱ፦ ትሁንም ስንቴ ለቃብኛለች።

አንጓች፦ እርስዎ ምን ያደርጉ ነበር?

ደብሪቱ፦ ይሽተታቸው ብዬ ቁጭ እል ነበር።

አንጓች፦ እኔ አልችልም።

ደብሪቱ፦ አዎ፣ አትችይም። እኔ የቻልኩት ድሮም ሰው ስለማላፍር ነው እንጂ ጎበዝ ሆኜ አይደለም። ለምን ቤት ጥለሽው አትሄጂም?

አንጓች፦ ለማን? አባቱ ጋራዥ ነው የሚውል። አማቴ ትፈራዋለች፤ ሲገታተር ካየች ጋኔን ነው ብላ በር ላይ ትቆማለች። ጎረቤት አንድ ቀን ይይዝልኛል፤ በማግስቱ ስመጣ በሩ ተዘግቶ አገኘዋለሁ፣ ውስጥ ሬዲዮ እየተሰማ።

ደብሪቱ፦ የጤና ጣቢያው ኮሚቴ አልጠየቀሽም?

አንጓች፦ ምን ብሎ?

ደብሪቱ፦ ልጁን ማን ይይዝልሻል ብሎ።

አንጓች፦ ኧረ ማንም። የታሸገ ውኃ ግን ሁለት ሰጥተውኛል።

ደብሪቱ፦ ለልጆቻችን አማካሪ ያደርጉናል፤ ልጆቻችንን የት ጥለን እንደምናማክር አይጠይቁንም። እኔም እኮ በነበርኩ ጊዜ አንድም ቀን አንቺን አልጠየቅኩሽም። ያው ሁላችን እናዝላለን፣ ማን ማንን ይጠይቃል።

አንጓች፦ ልሂድ በቃ፣ የስብሰባውን ደወል ሰማሁት። ባልናገርም ልቀመጥ። እግዜር ያውቃል።

ደብሪቱ፦ ፍቺው።

አንጓች፦ ምኑን?

ደብሪቱ፦ ጋቢውን ነዋ። ልጁን አውርጂው።

አንጓች፦ እማማ… ይችላሉ? ከትሁን ወዲህ ልጅ አይነኩም ብለውኝ፣ እኔ እንኳ ፊቱን እንዳያዩት ብዬ ጀርባዬን ደብቄ ነው የቆምኩት።

ደብሪቱ፦ አይቼዋለሁ። ጆሮው የአባቱን ይመስላል፣ ምስኪን። እጄ ይይዘው እንደሆነ አላውቅም፤ እንየው። አፌን ግን አላውስሽም፣ አንቺው ነሽ የምትናገሪ። ሁለት እጅ ይዘሽ ግቢ። ጠረጴዛቸውን ጠጋ ብለሽ፣ ሁለቱንም አስቀምጪበት።

አንጓች፦ ቢገታተርስ?

ደብሪቱ፦ እኔ ምን ስይዝ የኖርኩ መሰለሽ? ጀበና?

አንጓች፦ ሽንቱን…

ደብሪቱ፦ ይሽና! ሰፌዱን አንሺልኝና ልጁን ስጪኝ።

አንጓች፦ ይኸው… ቀስ ይበሉ። አንገቱን ደገፍ…

ደብሪቱ፦ አንገት ለእኔ አታስተምሪኝ።

አንጓች፦ ነቅቷል። ያይዎታል።

ደብሪቱ፦ ይየኝ። ምን አለኝ የሚታይ።

አንጓች፦ ከበደዎት፣ እማማ? መልሼ ልቀበልዎ?

ደብሪቱ፦ ከበደኝ። እሰይ፣ ከበደኝ። አንቺ ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሂጂ፣ ጀምረውብሻል!